አይመልስህ

ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ሲወርዱ፣ ወደ ዶሮ ማነቂያ በሚያስገባው ቅያስ አፍ ላይ፣ አንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት ነበረች። በሯ ላይ የተጻፈው «ፈውስ መድኃኒት ቤት» የሚል ነው። በዚህ ስሟ የሚጠራት ግን ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነበር። ሰፈሩ «አይመልስህ» ነው የሚላት። «ከአይመልስህ አስፕሪን ይዘህ ና» ይባላል። «አይመልስህ በር ላይ ጠብቂኝ» ይባባላሉ ተቀጣጣሪዎች። የአራዳ ልጅ ስም ሲያወጣ አይስትም።

ስሙ የወጣው ከባለቤቱ ከአቶ ገብረዮሐንስ አፍ ነው። አቶ ገብረዮሐንስ በልጅነታቸው ከትግራይ መጥተው፣ በዚያችው ቤት ለአንድ ግሪካዊ መድኃኒት ቀማሚ ብልቃጥ በማጠብ ነው ሥራ የጀመሩት። ግሪኩ ደግ ሰው ነበር፤ አማርኛው ግን ከገበያ የተለቀመ ነው። መድኃኒት ገዝቶ የሚወጣውን ሁሉ «ደግሞ ይምጡ፣ ደጋግመው ይምጡ» እያለ ይሸኛል። አንድ ቀን ልጃቸው የታመመባቸው ሴት ይህን ሰምተው ብልቃጡን ባንኮኒው ላይ መልሰው አስቀመጡና፣ «ምን በድዬህ ነው ደግሞ ነይ የምትለኝ?» ብለው እያለቀሱ ወጡ። ወጣቱ ገብረዮሐንስ ብልቃጡን ይዞ እስከ ጊዮርጊስ አጥር ድረስ ሮጦ ደረሰባቸው። «እናቴ፣ ልጅዎን ይማርልዎ። እንግዲህ አይመልስዎ» አላቸው። ሴትየዋ መድኃኒቱን ተቀበሉት። ልጁም ዳነ።

ከዚያ ወዲህ ያለዚህ ምርቃት ከዚያ ቤት የሚወጣ ሰው አልነበረም። ግሪኩ አርጅቶ፣ ቤቱን ለገብረዮሐንስ ትቶ ወደ አገሩ ሲገባ፣ ባቡር ጣቢያ ሊሸኙት ሄደው ከለመደ አፋቸው «አይመልስዎ» ብለውት፣ ግሪኩ እንባው እስኪወርድ ስቋል ይባላል። እውነትም አልተመለሰም።

«ዳቦ ቤት ‹ነገም ኑ› ይበል» ይሉ ነበር አቶ ገብረዮሐንስ። «እኛ እንደዚያ ካልን መርገማችን ነው። የመድኃኒት ቤት ጥሩ ደንበኛ የማይመለሰው ነው።»

ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ትልቁ መድኃኔ ሙያውን ይወርሳል ተብሎ ነጭ ጋዋን ተሰፍቶለት ነበር። አንድ ማለዳ ሳይሰናበት ወጣ። በረሃ ገባ፣ በሰሜን መንግሥትን ከሚወጉት ጋር ተቀላቀለ ተብሎ በሹክሹክታ ተወራ። አባቱ ከዚያ በኋላ ስሙን በአፋቸው አላነሱም፤ ጋዋኑን ግን ከተሰቀለበት ምስማር አላወረዱትም። ባንኮኒው ላይ የቀረችው ታናሽ እህቱ ምብራት ናት። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስላረፈች፣ ያደገችው በብልቃጥና በሚዛን መካከል ነው። «ፊደል የቆጠረችው ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው» እያሉ ይቀልዱባታል።

እሸቴ የመጣው በ1976 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን ነበር። አውራ ጣቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ገባ። ጋዜጣው በደም ርሷል፤ ልጁ ግን ይስቃል።

«ምን ሆንክ?» አለችው ምብራት ጥጥ እየቆረጠች።

«አልማዝ ከድታኝ ነው።»

«ከዳችህና ነከሰችህ?»

«ምን ላድርግ፣ እሷን የማያምን ሰው በእኛ ሥራ እንጀራ አይበላም።»

ምብራት ቀና አለች። «ሚስትህ ናት?»

በደህና እጁ ከኪሱ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖራት። «አልማዝ ይቺ ናት። የመስታወት መቁረጫ። ጫፏ አልማዝ ስለሆነ ስሟም እሱው ሆነ። ጋሽ አባይነህ ፍሬም ቤት ነው የምሠራው። ዛሬ ስትንሸራተትብኝ መስታወቱ ጣቴን አገኘው። ሚስት የለኝም።»

የመጨረሻዋን ማንም አልጠየቀውም ነበር። ምብራት እንዳልሰማ ሆና ጋዜጣውን ፈታች፤ ቁስሉን አጠበች።

«አዮዲን ነው። ያቃጥላል» አለችው።

«ሥራ በዝቶብን ነው እንጂ እንዲህ አልቆረጥም ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የመሪ ፎቶ በፍሬም አምጡ ይላል። ሰፈሩ ደግሞ የሟቾቹን ፎቶ ያመጣል። የመሪም የሟችም መስታወቱ አንድ ነው።»

«ቀስ በል» አለችው ምብራት፤ ቀስ በል ያለችው ለድምፁ ነው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቀልድ ሰው ፊት አይወራም። አዮዲኑን ስታስነካው ጥርሱን ነከሰ። ዓይኑን ግን ከፊቷ ላይ አላነሳም፤ ሕመሙን እዚያ ያስቀመጠው ይመስል ነበር። ፋሻውን ጠቅልላ፣ ቋጠሮውን አጥብቃ፣ እንደ ወጉ ሸኘችው።

«ይማርህ፤ አይመልስህ።»

እሸቴ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። ዞረ። «ምን አደረግኩሽ?»

«ምርቃት ነው። ታመህ ተመልሰህ አትምጣ ማለት ነው።»

«ይህማ እርግማን ነው።»

«እንዴት?»

«ተመልሼ መምጣት ብፈልግስ?»

ምብራት የጸዳውን ባንኮኒ ደግማ ወለወለችው።

ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ። «ጸሎትሽ አልደረሰም» አላት በሩ ላይ ቆሞ። የዚያን ዕለት ራሱን አሞት ነበር።

«የት ጋ ነው የሚያምህ?»

እሸቴ እጁን ዘርግቶ ዶሮ ማነቂያን የሚያህል ስፋት አሳያት። «እዚህ አካባቢ።»

ሳቋን ዋጠችና አስፕሪን ሰጠችው። ሌላ ጊዜ ጉሮሮውን አመመው፤ ሌላ ጊዜ ወገቡን። ያልታመመበት ቦታ ቢኖር ምላሱ ብቻ ነበር። ስትሸኘው «አይመልስህ» ትለዋለች፤ እሱም «እስቲ እናያለን» ብሎ ይወጣል። በሚቀጥለው ጊዜ «ጸሎትሽ አሁንም አልደረሰም» ይላታል። አቶ ገብረዮሐንስ ከሚዛኑ ኋላ ሆነው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ያዩታል። አንድ ቀን ትዕግሥታቸው ሲያልቅ፣

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«እርስዎ ቢያውቁልኝ ይሻለኛል፣ አባባ» አለ እሸቴ፤ ጆሮው ቀላ። እሳቸው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉና ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ።

ምብራት ደግሞ የበሩን መጋረጃ ድምፅ መለየት ጀመረች። ሰው ሁሉ ሲገልጠው ሹር ይላል፤ እሱ ሲገልጠው ትንሽ ያመነታል። ያመነታው መጋረጃ ባልተሰማበት ቀን ሽሮፑን ትደፋለች፤ ክኒን ቆጥራ ደግማ ትቆጥራለች።

ጥምቀት አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አባቷ ለቅሶ ሊደርሱ ወጥተው ሳለ፣ እሸቴ አውራ ጣቱ እንደታሰረ ገባ። ከመስቀል ጀምሮ ያ ጣት ከፋሻ ወጥቶ አያውቅም።

«ቆሽሿል። ይቀየርልኝ» አለ።

ምብራት እጁን ባንኮኒው ላይ አሳርፋ ፋሻውን ፈታችው። ከውስጥ የወጣው ጣት ደህና ነበር። ቁስሉ ከዳነ ሰንብቷል፤ የቀረው እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ጠባሳ ብቻ ነው። ሁለቱም ጣቱን አዩት። በውጭ አንድ አውቶቡስ ዳገቱን እያቃሰተ አለፈ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብልቃጦች እርስ በርስ ተንኳኩና ጸጥ አሉ።

«ድኗል» አለች።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገና በፊት።»

ቀና ብላ አላየችውም። አዲስ ፋሻ ቆረጠች። የዳነውን ጣት፣ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ተጠንቅቃ፣ ዙር በዙር ጠቀለለችው። ቋጠሮውን ስታጠብቅ እጇ መዳፉ ላይ ትንሽ ቆየ።

«እስኪድን አትፍታው» አለችው።

ያን ቀን «አይመልስህ» አላለችውም። ከዚያ ወዲያም አላለችውም።

ከዚያ በኋላ አመሻሹ ላይ፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ ቸርችል ጎዳናን አብረው ይወርዱ ነበር። ቁልቁለቱን ቶሎ ይጨርሱታል። ሲመለሱ ግን ዳገት ነው፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ቆም ቆም ይባላል። እሸቴ ዳገቱን ይመርቀው ነበር። «ይህን መንገድ የቀየሰው ሰው አፍቅሮ ያውቃል» ይላል። ሰዓት እላፊ ስላለ አያመሹም። አንዳንድ ቅዳሜ ኬክ ቤት ገብተው አንድ ኬክ ለሁለት ይካፈላሉ፤ እሱ ሳይጠጣው ማኪያቶው ይቀዘቅዛል።

«ስትሠሪ ጀርባሽን ለበሩ ትሰጫለሽ» አላት አንድ ጊዜ። «የመጣውን ሰው እንዴት ታውቂያለሽ?»

«መጋረጃውን እሰማለሁ።»

«ዓይንስ ምን በደለ?»

በሳምንቱ አንድ ትልቅ መስታወት በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣ። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው የመድኃኒት ቁም ሳጥን የአንዱ በር መስታወት ከተሰነጠቀ ዘመን ሆኖት ነበር። አቶ ገብረዮሐንስን አስፈቅዶ አሮጌውን አወጣ፤ አዲሱን ለካ፤ አልማዝን አንድ ጊዜ ብቻ አስኬዳት። መስታወቱ ድምፅ ሳያሰማ ተከፈለ። ሽማግሌው አጠገቡ ቆመው እጁን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምብራት ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ስትሠራ፣ የሚገባውን ሰው ፊት በዚያ መስታወት ውስጥ ታየዋለች።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እሸቴ ሽማግሌ ላከ። የመጡት ቀጣሪው ጋሽ አባይነህና የጨርቅ ነጋዴው ጎረቤት ሐጂ ኡመር ነበሩ። አቶ ገብረዮሐንስ በክብር ተቀብለው አስቀመጧቸው፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ልጁን አልጠላሁትም» አሉ። «እጁን አይቼዋለሁ፤ ቀጥ ያለ እጅ ነው። ግን ጊዜው ለወጣት ወንድ አይታመንም። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና እየመዘገበ ነው። ጥሪው ካለፈው ይምጣ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ሁሉ ሰው ይህን ካለ በዚህ አገር ማን ያገባል?» አሉ ሐጂ ኡመር።

«ሁሉ ሰው የእኔ ዓይነት ልጅ የለውም፣ ሐጂ።»

ሐጂ ኡመር ገባቸው። ምስማሩ ላይ ወደተሰቀለው ጋዋን ተመለከቱ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አቶ ገብረዮሐንስ ልጃቸውን ጠሯት። «ጓለይ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሆዳቸው ሲባባ በትግርኛ ነው የሚጠሯት። «ይህ ጋዋን የማን ነው?»

«የመድኃኔ ነው፣ አባዬ።»

«ያ ልጅ ተጠርቶ ሰሜን ቢሄድ፣ ከፊት ለፊቱ የሚቆመው ማን ነው? እኔ ለማን ልጸልይ? ለልጄ ነው ለአማቼ?»

«ለሁለቱም።»

«ለሁለቱም የሚጸልይ ሰው እንቅልፍ የለውም።»

ምብራት ማታውን አላለቀሰችም፤ ግን በቁም ሳጥኑ መስታወት ላይ አንድም የጣት አሻራ እንዳይኖር አድርጋ ስትወለውለው አመሸች።

ክረምቱ ሳይገባ የእሸቴ ስም ተጠራ። ወሬውን ያመጡት ጋሽ አባይነህ ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ፤ ለቅሶ የሚደርስ ሰው አቋቋም ነበር። አቶ ገብረዮሐንስ ሙቀጫውን አስቀመጡ። እጃቸውን ጠርገው፣

«የፈራሁት እንዳይጠራ ነበር» አሉ። «ከተጠራ ወዲያ ምን እፈራለሁ? ንገረው፣ አባይነህ። ይመለስና ይውሰዳት። ሌላ ጥሎሽ አልፈልግም። መመለሱ ጥሎሼ ነው።»

ምብራት ይህን ከጓዳ ሆና ሰማች። ከእንግዲህ ሁሉ ነገር በዚያ ቃል ላይ ተንጠለጠለ። ይመለስ። ባንኮኒው ላይም፣ መኝታዋ ላይም ቃሉን ስታለማምደው ሰነበተች። ሲሰናበታት የምትለውን አዘጋጅታ ነበር። እንደ ወጉ፣ መንገደኛ ሁሉ እንደሚባለው፣ «በሰላም ይመልስህ» ልትለው ነው። አጭር ነው፤ ሰው ፊትም አያሳፍርም።

የመሄጃው ቀን ማለዳ ዝናብ ጣለ። መድኃኒት ቤቱ ጉንፋን በያዘው ሰው ተሞልቷል። ምብራት ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ሽሮፕ ስትቀዳ፣ በመስታወቱ ውስጥ አየችው። ፀጉሩን ተላጭቷል። ትንሽ ሻንጣ ይዟል። በር ላይ ሁለት የቀበሌ ጠባቂዎች ዝናቡን ሸሽተው ይጠብቁታል። ጣቱ እንደታሰረ ነው።

ተራ ያዘ። ሰው ተራውን ሊለቅለት ቢል እምቢ አለ። ተራው ሲደርስ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«የወባ ክኒን ስጪኝ» አላት። «ቆላ ነው አሉ የሚወስዱን።»

ክኒኑን ቆጠረች። ወረቀቱን አጠፈች። ፋሻም ጨመረች፤ ብዙ ፋሻ። «ቁስል ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ነው የሚታሰረው» አለችው። ድምፅዋን አላወቀችውም። «አታጥብቀው። ደም ይከለክላል።»

«እሺ።»

«ውኃ ሳታፈላ እንዳትጠጣ።»

«እሺ፣ ምብራት።»

ከኋላ የቆሙት ሰዎች ሳል እንኳ ይዘው ያዳምጣሉ። አባቷ ከሚዛኑ አጠገብ ቆመዋል። ከውጭ ጠባቂው «ቶሎ በል እንጂ ወንድሜ» አለ። ምብራት ጥቅሉን አነሳችና በሁለት እጇ ሰጠችው። ያዘጋጀችው ቃል ከአፏ አጠገብ ነበር። እጇ ግን ጥቅል ለሰው እየሰጠ ነው፤ እጇ ጥቅል ሲሰጥ ምላሷ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ ያንኑ ሲል ኖሯል።

«ይማርህ፤ አይመልስህ» አለችው።

አንዲት አሮጊት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አንዲት ፊደል ናት። ያቺ «አ» ባትኖር ምርቃት ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ምብራት ግን እንዴት እንዳመለጣት በደንብ አወቀች፤ ከአፏ ወጥታ በባንኮኒው ላይ አልፋ ደረቱ ላይ ስታርፍ አየቻት። እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ልትይዛት ይመስል።

እሸቴ አንድ አፍታ ደነገጠ። ከዚያ ፊቱ በሳቅ ተፈታ፤ መጀመሪያ ቀን ደሙ እየፈሰሰ የሳቀውን ሳቅ።

«አይዞሽ» አላት። «ጸሎትሽ ለእኔ ደርሶ አያውቅም እኮ።»

መጋረጃውን ገለጠ። መጋረጃው ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ወደቀ።

ከማሠልጠኛው አንድ ሁለት ጊዜ ሰላምታ በሰው ደረሳት። «ጣቴ አልዳነም በላት» ብሏል አሏት። ወደ ግንባር ከሄደ በኋላ ወሬው ደረቀ።

ምብራት ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሉን ከአፏ አውጥታ አታውቅም። «ይማርህ» ትልና እዚያ ላይ ታቆማለች። ደንበኛው የለመደውን ሲጠብቅ ትንሽ ይቆማል፤ ከዚያ ገብቶት ይሄዳል። ሰፈሩም ቤቱን በዚያ ስም መጥራቱን ቀስ በቀስ ተወ፤ እሷ በሌለችበት ቦታ እንኳ «እነ ጋሽ ገብረዮሐንስ ጋ» ነው የሚሉት። የአራዳ ሰው ስም ማውጣት ብቻ ሳይሆን መሸሸግም ያውቅበታል።

ዓመታት ሄዱ። መድኃኒት ጠፋ፤ መደርደሪያው ሳሳ። አቶ ገብረዮሐንስ ዓይናቸው ደክሞ ሚዛኑን ለምብራት ለቀቁላትና በሩ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው ይቀመጡ ጀመር። የጠየቋትም ነበሩ። አንድ የባንክ ሠራተኛ ሽማግሌ ልኮባት፣ «ጥሎሿን ሊያመጣ የሄደ ሰው አለ፤ እሱ ሳይመለስ እንዴት እሰጣለሁ?» ብለው አባቷ መለሷቸው። ምብራት ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትሠራለች፤ ዓይኗ መስታወቱ ላይ ነው።

በ1983 ግንቦት መንግሥት ወደቀ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ፀጉሩ የጎፈረ፣ ከሲታ ሰው መጋረጃውን ገልጦ ገባ። መድኃኔ ነበር። አቶ ገብረዮሐንስ ከወንበራቸው መነሳት አቅቷቸው እዚያው እንደተቀመጡ እግሩን አቀፉ። ጎረቤት እልል አለ። ምብራት ወንድሟን አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፤ ደስታዋም እውነት ነበር። ነገር ግን በትከሻው ላይ አሻግራ ወደ መጋረጃው ታይ ነበር። ከፊት ለፊቱ ቆሞ የነበረው ማን እንደሆነ ልትጠይቀው አልደፈረችም። እሱም አልነገራትም።

በዚያው ሰሞን የተበተነው ሠራዊት ከተማውን ሞላው። ልብሳቸው የነተበ፣ እግራቸው የተላላጠ ወታደሮች ከሰሜን በእግራቸው ገብተው በፒያሳ ጥግ ለጥግ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምብራት ስትሠራ መጋረጃው አመነታ። በመስታወቱ ውስጥ የተላጨ ራስ አየች። የያዘችው ብልቃጥ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። ዞረች። ሌላ ሰው ነው፤ በዱላ የተደገፈ፣ እግሩ በጨርቅ የታሰረ ወጣት።

«እህቴ፣ ገንዘብ የለኝም» አለ። «እግሬን ብታዪልኝ።»

አስቀመጠችው። ስሙ ከተማ ይባላል፤ የሸዋ ልጅ ነው። እግሩን አጠበች፤ አዮዲን ቀባች፤ ከታች ወደ ላይ ጠቅልላ አሰረችው። እጇን ሲያይ ቆየ።

«ይማርህ» አለችና የተረፈውን ፋሻ መጠቅለል ጀመረች።

ከተማ አልሄደም።

«ሌላ የምትፈልገው አለ?»

«የለም። ቤቱን ተሳስቼ ይሆናል።»

«የትኛውን ቤት?»

«አንድ ጓደኛ ነበረን። ቁስላችንን የሚያስረው እሱ ነበር። ሐኪም ሆኖ አይደለም፤ አስተሳሰሩን አንድ ሰው አሳይቶት ነው። ልክ እንደዚህ ነበር የሚያስረው። አስሮ ሲጨርስ ‹ይማርህ፤ አይመልስህ› ይላል። መጀመሪያ ሊደበድበው ያልተነሳ የለም። ‹ኧረ ምርቃት ነው› ይለናል፤ ‹ወደዚህ ምሽግ አይመልስህ፣ ወደዚህ ጦርነት አይመልስህ ማለት ነው። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ መግቢያ ላይ እንዲህ ብለው የሚመርቁበት ቤት አለ። ከዚህ የተረፈ ሰው ሄዶ ይመረቅ› ይለን ነበር። እኔ ተረፍኩና መጣሁ።»

አቶ ገብረዮሐንስ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ምብራት ባንኮኒውን ያዘች።

«ማን ነበር ስሙ?» አለች፤ እያወቀች።

«እሸቴ። እሸቴ መስታወት ነበር የምንለው።»

«ተቀይሞ ነበር?»

«ማን?»

«እሱ። በዚያ ቃል።»

ከተማ ግራ ገብቶት አያት። «ምኑን ይቀየማል? ሌላ ወሬም አልነበረውም። ‹አንዲት ልጅ አለች፤ አይመልስህ ባለችኝ ቁጥር እመለሳለሁ› እያለ ይስቃል። አንድ ደህና ጣቱን ሁልጊዜ በፋሻ አስሮ ነበር የሚዞረው። ለምን ስንለው ገና አልዳነም ይላል።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ጥያቄ ምብራት አልጠየቀችም። ከተማ የታሰረ እግሩን እያየ ራሱ ነገራት።

«ስናፈገፍግ አንድ ቁስለኛ ከኋላችን ቀረ። ፋሻውን ይዞ ተመለሰ።»

«ተመለሰ?»

«ወደ ኋላ፣ እህቴ። ወደ እሳቱ ተመለሰ። ሲወድቅ አይቻለሁ። ልዋሽሽ አልችልም።»

በውጭ አውቶቡስ ዳገቱን እያቃሰተ አለፈ። ብልቃጦቹ ተንኳኩና ጸጥ አሉ። ወታደሩ ዱላውን ይዞ ተነሳ። ምብራት ከባንኮኒው ኋላ ወጣች፤ ደንበኛ ለመሸኘት ከዚያ ወጥታ አታውቅም። በሩ ድረስ ሸኘችውና መጋረጃውን ገለጠችለት።

«ይማርህ» አለች።

ቀሪው ጉሮሮዋ ውስጥ ነበር፤ ስንት ክረምት እዚያው ተቀብሮ የኖረ። አባቷ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

«አይመልስህ።»

«አሜን» አለ ከተማ። ዱላውን እያስቀደመ ወደ ቸርችል ጎዳና ወረደ፤ ከሰው ጋር ተቀላቀለ፤ ጠፋ።

ምብራት ተመልሳ ባንኮኒው ኋላ ቆመች። የተረፈው ፋሻ እዚያው ላይ ነበር። አንድ ክንድ ያህል ቆረጠች። ምንም ያልነካውን አውራ ጣቷን ዙር በዙር፣ ቀስ ብላ ጠቀለለችው። ቋጠሮውን በአንድ እጇ ማጥበቅ ስላቃታት በጥርሷ ሳበችው።

አቶ ገብረዮሐንስ በደከመ ዓይናቸው አዩዋት።

«ጓለይ፣ ተቆረጥሽ እንዴ?»

«አዎ፣ አባዬ» አለች።